አንድ ኮርስ፣ ሦስት መምህር፦ ችግርና መፍትሄ

ኮርስ አውትላይን ማዘጋጀቱን፣ ሴክሽን መደልደሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱን አልደግምም። እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡ ኮርሶች ሲበላሹ ደጋግሜ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ ተማሪው «የማንን ሃንዳውት እናጥና?» ይላል። አንዱ ርዕስ ሁለቴ ይሰጣል፣ ሌላው ጭራሽ ይዘለላል። ለአንድ ዓይነት መልስ አንዱ ሴክሽን ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ ሌላው ዜሮ ይሰጠዋል።

መንስኤ፦ ኮርሱ በምዕራፍ ተከፋፍሏል፤ መምህራኑ ግን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም። «አንተ እስከ ምዕራፍ 3፣ ቀሪው የእኔ» ይባባላሉ፣ ከዚያ የሚገናኙት ፈተና ሊባዛ ሲል ነው። አንድ የባዮስታትስቲክስ (በጤና መረጃ ላይ የሚሠራ ስታትስቲክስ) ኮርስ አይረሳኝም። ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን (እውነተኛው እሴት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ክልል) የመጀመሪያው መምህር «ከሃይፖተሲስ ቴስት ጋር ይሄዳል» ብሎ ተወው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ከኢስቲሜሽን ጋር ተሰጥቷል» ብሎ አለፈው። ማንም ሳያስተምረው ፋይናል ላይ መጣ! እርማት ላይ ሌላ ጉድ፦ ፒ ቫልዩው (ነል ሃይፖተሲሱ፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለው መነሻ ግምት፣ ልክ ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል) ከ0.05 ሲበልጥ «ነል ሃይፖተሲሱን እንቀበላለን» ብሎ የጻፈውን አንዱ መምህር ልክ አለው፣ ሌላው «ውድቅ ማድረግ አልቻልንም ነው የሚባለው» ብሎ ኤክስ አደረገበት። ሁለተኛው ትክክል ነው፤ ግን ተማሪው ይህን ከማን ይማር? የዶርም ጓደኛሞች ወረቀታቸውን አስተያይተው ቢሮ ድረስ መጡ። እውነታቸውን ነው።

መፍትሄ፦ ትምህርት ሳይጀመር ግማሽ ቀን አብራችሁ ተቀመጡ። ርዕሱን፣ ማን እንደሚሰጠው፣ እስከ የት እንደሚሄድና ስንት ጥያቄ እንደሚወጣበት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጻፉ። አደራ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ የሚገናኝበትን ርዕስ ለአንድ ሰው በስሙ ስጡት፤ የሚሾልከው እዚያ ነው። ተረካቢው የቀዳሚውን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ያዳምጥ። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ለቲቲፒ (ለቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) የሚወጡ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ተናበው እንዲሠሩ እንጠይቃለን፤ እኛስ?

እርማቱን በሴክሽን ሳይሆን በጥያቄ ተከፋፈሉ፦ ጥያቄ 1ን ለሁሉም ሴክሽን አንድ ሰው ያርም። መጀመሪያ ግን ጥቂት ወረቀት አብራችሁ እረሙ፤ የመልስ ቁልፉ ጉድለት የሚታየው ያኔ ነው። የፈተና ጥያቄ በቴሌግራም አትላላኩ። በዋዜማው ማታ አትገጣጥሙ። የቡድኑ አባላት ያላዩት ጥያቄ በፍጹም እንዳይባዛ!

ሌሎቹ ችግሮች እምብዛም አይገጥሙም። ሁለት መምህራን ተማሪ ፊት ከተለያዩ፣ ውጭ ተነጋግረው የተስማሙበትን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይንገሩ። ሲኒየሩ ሁሉንም ለረዳቱ ጥሎ ከጠፋ ግን በሠንጠረዥ አይስተካከልም፤ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቁ።