የድሬዳዋ ቤት ነፋሻና ጤናማ እንዲሆን፦ ሥራው ከበርሜሉ ይጀምር

ድሬዳዋ ላይ ግቢ ላልማ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አበባና ጥላ ነው። እኛ ግን ከውሃ በርሜሉ ጀምሩ እንላለን። ውሃ በየጊዜው ስለሚቋረጥ በርሜል፣ ጀሪካን ወይም ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል፤ ቢምቢውም የሚራባው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባሉት የትኩሳት በሽታዎች ከተማዋን ያዳረሱት ኤደስ በምትባለው፣ በቤት ውሃ ማጠራቀሚያ በምትራባ ቢምቢ አማካይነት ነው። የ2022ቱ የወባ ወረርሽኝ ከአኖፌለስ ስቴፈንሳይ ጋር ተያይዟል። ይህች ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ታንከር ይበቃታል። በዚያ ላይ ኤደስ የምትነክሰው ቀን፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም።

በርሜሉን መፋቅ

አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርሜሉን ገልብጦ ማለቅለቅ ማጽዳት አይደለም። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ የበርበሬ ፍሬ ስባሪ እንኳ አያክልም፤ ጥቁር ነጥብ መስሎ ይቀራል። በርሜሉ ደርቆ ወራት ቢቀመጥም አይሞትም፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ የሚበር ቢምቢ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ፋቁ። አንድ ሳምንት ከተዘለለ አንድ ትውልድ አመለጠ ማለት ነው።

የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በበርሜሉ ግድግዳም ላይ አለ፤ ሸካራ ቦታ ለእንቁላሉ ምቹ ነው። መጀመሪያ ይህን ቅርፊት አንሱ። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ በጠንካራ ብሩሽ ፋቁና በደንብ አለቅልቁ። የሽቦ ብሩሽ ለላስቲክ በርሜል አይሁን፤ ጭረቱ ራሱ አዲስ ሸካራ ቦታ ይሆናል።

በረኪናው ተራው በማግስቱ ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ሲደባለቁ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አንገትን በርሜል ውስጥ አስገብቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚደረገው ይህ ነው፦ ውሃው ሲጎድል ወይም ሲያልቅ ጓንት አድርጋችሁ ስፖንጅ በረኪና ንከሩና ግድግዳውን ከውሃው ጠርዝ በላይ ዙሪያውን ቀቡ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ፋቁ፣ ሁለቴ አለቅልቁ። ያለቀለቃችሁበትን ውሃ ተክል ላይ አታፍስሱት።

ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን እጭ ይገድላል ብሎ መተማመን የተለመደ ስህተት ነው። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ200 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ጨምሮ ማማሰልና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ጀርሞችን ይቀንሳል። እጩ ግን በዚህ መጠን እየዋኘ ይኖራል።

መክደን

ከላይ የተጋደመ ቆርቆሮ ክዳን አይደለም፤ በጎኑ ባለው ክፍተት ቢምቢ እንደልቧ ትገባለች። ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የማይበልጥ የመስኮት ወንፊት ወይም ሻሽ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። የ200 ሊትር በርሜል አፉ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፋችኋል። ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩት። ጨርቁ ረግቦ ውሃውን ከነካ በላዩ ላይ እንቁላል ይጣልበታል፤ ስለዚህ ተወጥሮ ይታሰር፣ ውሃውም ከአፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቁም። መድኃኒት የተነከረ አሮጌ አጎበር ለመጠጥ ውሃ በርሜል አይሁን። የሮቶው ክዳን መግጠሙንና የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ቱቦው ጫፍ በወንፊት መታሰሩን እዩ፤ ቱቦውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

በጆግ ለመቅዳት በቀን ደጋግሞ የሚከፈት በርሜል ግን ተከድኗል አይባልም። ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ግጠሙለት፤ ለዚህ 21 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ከውስጥም ከውጭም ጎማ አድርጉ፣ በቴፍሎን ጠቅልሉ፣ ዳዶውን ከውስጥ አጥብቁ። አንደኛው ጎማ ከቀረ የበርሜሉ ጎን ቆልማማ ስለሆነ ያንጠባጥባል፤ ከሥር የሚጠራቀመው ውሃም ሌላ የቢምቢ ቤት ነው።

ጥላና ተክል

የከዚራን ጎዳና በቀትር ያለፈ ሰው የዛፍ ጥላን ዋጋ ያውቃል። በግቢ ደረጃ ቅድሚያ የሚሰጠው የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳውም ሙቀቱን ይዞ ሌሊት ወደ መኝታ ቤት ይለቀዋል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ ድረስ የቀትሩ ፀሐይ ከሰሜን በኩል ስለሚያጋድል፣ ሰሜን ላይ ያለ መስኮትም አጭር መከለያ ያስፈልገዋል።

ለምዕራቡ ጎን ከኒም የሚሻል የለም፤ ድርቅና ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል። ከግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ 4 ሜትር አርቁት። ሐምሌ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቆፍሩ፣ ከአፈሩ ሢሶውን በብስባሽ ተኩ። ዙሪያውን ገለባ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት፣ ይበሰብሳል። ልብስ ያለቀለቃችሁበትን ውሃ መስጠት ትችላላችሁ፤ ሳያድር አፍስሱት፣ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ላይ ግን አይሁን።

በጣሳና በሳህን የሚተከለው በሶብላ፣ እሬትና ጤና አዳም ለቤት ደስ ይላል። ሽታው ቢምቢ ያባርራል የሚባለውን ግን አትመኑበት፤ ያልተቀጠፈ ተክል በረንዳ ላይ ስለቆመ ቢምቢ አይሸሽም። ጣሳውን ከሥር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ከሥሩ የሚቀመጠውን ሳህን አሸዋ ሙሉት። አሮጌ ጎማ ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ የታችኛውን ጎን በቢላ ክፈቱ፤ ካልተከፈተ በጎማው ሆድ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል።

ጣሪያ፣ አየር፣ ከሰል

ቆርቆሮን በኖራ መቀባት ርካሽ ቢመስልም በመጀመሪያው ዝናብ ይላጣል። የውጭ ነጭ ቀለም ይሻላል፦ ዝገቱን ፋቁ፣ የዝገት መከላከያ ቀቡ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ። ጠዋት ቆርቆሮው ሳይግል ሥሩ። ከኮርኒስ በላይ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ የአየር መውጫ ክፈቱ። መስኮቶቹን ወንፊት ከገጠማችሁ በኋላ ሌሊቱን ክፈቷቸው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ጭምር ዝጉ።

ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ጭሱ ስላለቀ ግን ጉዳቱ አለቀ ማለት አይደለም። ቀልቶ የተቀመጠ ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይለቃል። ቡናው ቤት ውስጥ ከሆነ በርና ተቃራኒው መስኮት ይከፈቱ፤ ሦስተኛው እንዳበቃ ምድጃው ከነፍሙ ውጭ ይደር።