አውሎ ነፋስ በሚበዛበት ወቅት ቤንዚን አያያዝ

ቴክሳስ ያላችሁ ወገኖች፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር የመኪናችሁ ቤንዚን ከግማሽ በታች አይውረድ። ማዕበል ካለፈ በኋላ ለመሰለፍ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂውስተንን ሲያጥለቀልቅ ዳላስ ከጎርፉ ርቃ ነበር። ግን የሂውስተን አካባቢ የነዳጅ ማጣሪያዎች መዘጋታቸው ሲሰማ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ብዙ ማደያዎች ደረቁ። ግማሽ ታንክ ያለው ሰው ሁሉ ሲሰለፍ የሚጎዳው ታማሚ ወይም ሥራ መድረስ ያለበት ሰው ነው። እባካችሁ፣ ያላችሁ አትሰለፉ።

በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ጀርሲን ሲመታ ደግሞ ቤንዚን እያለ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ የማይሠራበት ማደያ ብዙ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ መቅዳት ነው።

ለጄኔሬተር የምትይዙ ከሆነ ለቤንዚን የተሠራውን ቀዩን ጄሪካን ብቻ ተጠቀሙ። የውኃ ፕላስቲክ በፍጹም! ስትቀዱ ጄሪካኑን ከመኪና አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ መኪና ውስጥ እንዳለ ከተቀዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እስከ አፉም አትሙሉት፣ ሙቀት ሲነካው ያብጣል።

ጄኔሬተሩን ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር አርቃችሁ ውጭ አስነሱ። ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ቢከፈትም፣ አይሆንም። ከጄኔሬተሩ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል።