ደላላ ሳይይዙ ወደ ካናዳ ማመልከት፦ የኤክስፕረስ ኢንትሪ ጉዞ በቅደም ተከተል

በሙያው ካናዳ ገብቶ መኖር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው «ማን ያስኬደኛል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ስህተት ነው። ባለሙያዎች ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት የሚያመለክቱበት ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር አመልካቹ ራሱ በኢንተርኔት እንዲሞላው ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። መመዝገቡ በነጻ ነው፤ የካናዳ አሠሪ ማግኘትም ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ያስገኝ የነበረው ተጨማሪ ነጥብ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። «የቅጥር ደብዳቤ ላምጣልህና ነጥብህ ይጨምር» የሚልዎ ሰው ካለ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ኪስዎን አይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ በሩ ለእርስዎ መከፈቱን ይለዩ

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ሰው የሚሆነው ክፍል የፌደራል የሠለጠነ ባለሙያ መርሐ ግብር ነው። ባለፉት አስር ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የአንድ ዓመት ያልተቋረጠ፣ የሚከፈልበት የሙያ ሥራ መሥራት ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍሎች፣ ማለትም በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር፣ አይኤልትስ ከሆነ ቢያንስ 6 ማምጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ቋንቋና ልምድ ተደምረው ከመቶ 67 ነጥብ መሙላት አለባቸው።

67 ግን በር ብቻ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ከ1,200 የሚቆጠር ሌላ የነጥብ አሰጣጥ ይጠብቅዎታል፤ ሰው ከሰው የሚወዳደረው በእሱ ነው። ካናዳ በየጊዜው ዙር እየጠራች ከተመዘገቡት መካከል ነጥባቸው ከፍ ያለውን እንዲያመለክቱ ትጋብዛለች። ሁለቱን ነጥቦች እያደባለቁ «አለፍኩ» ብለው ቤታቸውን ለመሸጥ የተነሱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሁለተኛ፦ ቋንቋውን እንደ ዋና ሥራ ይያዙት

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ያላገባች፣ የ29 ዓመት፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ከሦስት ዓመት በላይ የሥራ ልምድ ያላት ባለሙያ አለች እንበል። በአይኤልትስ በአራቱም ክፍሎች 6 ብታመጣ እና በማዳመጥ 8፣ በቀሩት ሦስቱ 7 ብታመጣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 93 ነጥብ ነው። ቋንቋው ራሱ 56 ይጨምርላታል፤ ከዲግሪዋና ከልምዷ ጋር ሲጣመር ደግሞ ሌላ 37 ያክልላታል። ሌላ ዲግሪ ጨምራ ይህን ያህል አታገኝም። በሌላ በኩል ዕድሜ ዝም ብሎ ነጥብ ይበላል፤ በ29 ዓመት 110 የነበረው የዕድሜ ነጥብ በ35 ዓመት 77 ይሆናል።

ፈተናው ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። አካዳሚክ የሚባለውን ተፈትኖ የመጣ ሰው ክፍያውም ልፋቱም ከንቱ ይቀርበታል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎ። ከላይ የጠቀስኳት ባለሙያ እንግሊዝኛውን በጥሩ ውጤት ብታልፍም አጠቃላይ ነጥቧ 429 ገደማ ነው። በ2025 ከተጠሩት ዙሮች ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ ለሠሩ ሰዎች፣ በክፍለ ግዛቶች ለታጩ (ዕጩነት 600 ነጥብ ይጨምራል)፣ እንደ ጤና ላሉ የተወሰኑ ሙያዎችና ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የፈረንሳይኛው ዙር በማርች 2025 እስከ 379 ነጥብ ድረስ ወርዷል። ስለዚህ የነርስነት ወይም ሌላ የጤና ሙያ ለሌለው ሰው የእኔ ምክር ፈረንሳይኛ ነው። ቀልድ እንዳይመስልዎ። ቴፍ ካናዳ ወይም ቲሲኤፍ ካናዳ በሚባሉት ፈተናዎች የሚፈለገውን ደረጃ ለማግኘት ከዜሮ የሚነሳ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ በትጋት መማር ይኖርበታል። አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ያለው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ትምህርቱን ይሰጣል። ለደላላ ሊሰጥ የታሰበው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ቢያንስ ቋንቋው በእጅ ይቀራል።

ሦስተኛ፦ የትምህርት ማስረጃው

ዲግሪዎ በካናዳ ደረጃ ከምን ጋር እንደሚስተካከል ካናዳ የፈቀደችላቸው ተቋማት ያረጋግጣሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ የሚባለውን ነው። ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ግን የራሳቸው የሙያ ተቋም ስላላቸው ወደዚያ ይሂዱ። የሚሰጠው ማረጋገጫ ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

እዚህ ላይ ጊዜ የሚበላው ካናዳ ሳይሆን የራሳችን ሬጅስትራር ነው። ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ መላክ አለበት፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆኑ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ሳይጨርሱ ይህን ማግኘት ይከብዳል። እኔ መስኮቱ ላይ ስደርስ ክፍያውን መጨረሴን የሚያሳየው ደረሰኝ ከአስር ዓመት በፊት ከነበረ አሠሪዬ ካዝና መምጣት ነበረበት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከሁሉ ቀድመው ይህን ይጀምሩ፤ የቋንቋ ፈተናውን የሚያጠኑት ይህ እየተጓዘ ሳለ ነው።

አራተኛ፦ ስምና ቀን አንድ ዓይነት ይሁኑ

ወረቀቶችዎን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ጸሐይ የሚለው ስም በፓስፖርቱ በ«ቲ ኤስ»፣ በዲግሪው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ወልደ ሚካኤል በአንዱ ሁለት ቃል፣ በሌላው አንድ ይሆናል። የአያት ስም ዲግሪው ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ቀኑ የባሰ ነው። መስከረም 1 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1995 ነው የተወለደው፤ 1987 ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበርና። ይህን ያላስተዋለ ትርጉም ቤት «ሴፕቴምበር 11» ብሎ ማኅተም ይመታበታል፤ ፓስፖርቱ 12 ይላል። ለእኛ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ዘመን አቆጣጠራችንን ለማያውቅ መርማሪ ግን ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ነው። የሚታረመውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትና በትርጉም ቤቱ ያሳርሙ፤ የማይታረመውን በአጭር የማብራሪያ ደብዳቤ ያስረዱ።

አምስተኛ፦ ሲጠሩ 60 ቀን ብቻ ነው ያለዎት

መገለጫው፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሞሉት የምዝገባ ቅጽ፣ ከተሞላ በኋላ ለአንድ ዓመት ይቆያል። ግብዣ ከመጣ ሙሉ ማመልከቻውን በ60 ቀን ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አስቀድመው ያዘጋጁ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ፦ የእኛ አገር ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ከደመወዛቸውም ተገቢው ግብር ተቀንሷል፤ ይህ ማስረጃ የተሰጣቸው በጠየቁት መሠረት ነው።» ለካናዳ ይህ አይበቃም። የሠሩት ሥራ በዝርዝር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ የፈረመው ኃላፊ ማዕረግና አድራሻ መኖር አለበት። ዝርዝሩም ካናዳ ለሙያው ካስቀመጠችው የሥራ መግለጫ ጋር የሚሄድ መሆን ይገባዋል፤ ቃል በቃል የተገለበጠ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል። የሰው ኃይል ክፍሉ «ፎርማታችን ይህ ነው» ካለ የቅርብ አለቃዎ በድርጅቱ ማኅተም ተጨማሪ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ገንዘብ፦ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በወጣው ሠንጠረዥ ለአንድ ሰው 15,263፣ ለአራት ቤተሰብ 28,362 የካናዳ ዶላር ማሳየት ያስፈልጋል፤ መጠኑ በየዓመቱ ይከለሳል። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ግድግዳ ለብዙ ሰው በእጥፍ ከፍ ብሏል። የባንኩ ደብዳቤ ሂሳቡ የተከፈተበትን ቀን፣ ያለውን ቀሪ፣ የስድስት ወር አማካይና ያለብዎትን ዕዳ መግለጽ አለበት። የተበደሩት ገንዘብ አይቆጠርም። ዕቁብ ደርሶዎት በአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ ከገባም ምንጩን በጽሑፍ ያስረዱ፤ ዕቁቡ ገና ካልተጠናቀቀ ደግሞ ከፊሉ ዕዳ መሆኑን አይርሱ።

ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፦ ከ18 ዓመትዎ በኋላ፣ ባለፉት አስር ዓመታት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖሩበት አገር ሁሉ ይጠየቃል። የኢትዮጵያውን ፌደራል ፖሊስ አሻራ ወስዶ ይሰጣል። ችግር የሚሆነው ቤይሩት፣ ኩዌት ወይም ሪያድ ለሠራ ሰው ነው፤ ከዚያ ማስወጣቱ ወራት ስለሚፈጅ ግብዣውን አይጠብቁ።

የጤና ምርመራውም ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ ከማመልከቻው በፊት ይደረጋል፤ ካናዳ በዝርዝር ካስቀመጠቻቸው ሐኪሞች ውጭ ያለ ምርመራ ተቀባይነት የለውም። ክፍያው በ2024 በተደረገው ማስተካከያ ለአንድ አዋቂ 950 እና የቋሚ ነዋሪነት መብት 575 የካናዳ ዶላር ነበር፤ በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል። አሻራ 85 ዶላር ነው።

ቤተሰብዎን ሲያስመዘግቡ አብሮዎት የማይሄድ ልጅ ቢሆን እንኳን ይጻፉት። «አሁን ስለማይሄድ» ተብሎ የተዘለለ ልጅን በኋላ አስመጣለሁ ማለት በሕጉ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። የሐሰት ወረቀት የተገኘበት ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ይታገዳል፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው ደላላ ቢሆንም ተጠያቂው አመልካቹ ነው። የግድ ረዳት ከፈለጉ የካናዳ ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ይሁን። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሙን ጽፈው ይፈልጉት፤ ሰውዬው «አያስፈልግም፣ እኔን ሁሉም ያውቀኛል» ካለዎት መልሱን አግኝተዋል።

ፓስፖርትዎ ቪዛ ተለጥፎበት ሲመለስ እዚያው ቆመው ስምዎን ፊደል በፊደል፣ ማብቂያ ቀኑንም ያንብቡ። ያ ቀን ሳያልፍ ካናዳ መግባት አለብዎት። የገንዘብ ማስረጃውን የያዘውን ፋይል በእጅ ሻንጣዎ ይዘው ይግቡ፤ አየር ማረፊያው ላይ ያለው መኮንን እንደገና ሊጠይቅዎ ይችላል።