የማናውቀውን ወይም የሚያቃጥለውን የሜዲትራኒያን ግብዓት በምን እንተካ?

የሜዲትራኒያን ምግብ አሠራር ስናነብ መሃል ላይ የሚያስቆመን አንድ ነገር አይጠፋም። ሱማክ፣ ሃሪሳ፣ ኬፐር፣ ታሂኒ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ ምግቡን ይተወዋል፣ ወይ ግብዓቱን ዘሎ ይቀጥላል። ሁለቱም ያስቆጩኛል። መተው አያስፈልግም። መዝለል ደግሞ ምግቡን ያፈዝዘዋል። ግብዓቱ ባይኖርም ሥራውን የሚሠራ ሌላ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

ግብዓቱ ለምን እንደገባ ጠይቁ። ለማኮምጠጥ ነው? ለጨው? ለቅባት? ለማቃጠል? ለመዓዛ? ወይስ ሲታኘክ ጥርስ ላይ እንዲሰማ? ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ስህተት የሚመጣውም አንዱን ብቻ ስንተካ ነው።

ሱማክን እንውሰድ። የደረቀ ቀይ ፍሬ ተፈጭቶ ነው፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ «ሎሚ ልጨምቅበት» እንላለን። ግን ሱማክ ደረቅ ነው። ፋቱሽ የሚባለው የሊባኖስ ሰላጣ ውስጥ የተጠበሰ ቂጣ አለ፤ ሎሚ ሲበዛበት ቂጣው ይርሳል። የተሻለው መንገድ የሎሚውን ልጣጭ በቀጭኑ መፈቅፈቅ ነው። ነጩን ክፍል አትንኩት፣ ይመራል። ለአንድ የሻይ ማንኪያ ሱማክ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ልጣጭና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃል። ጭማቂ ካስፈለገ ልክ ሊቀርብ ሲል ጠብ ጠብ አድርጉበት።

2. የሚያቃጥለውን ስትቀንሱ ጣዕሙን አትጣሉት

አብዛኛው የሜዲትራኒያን ምግብ አያቃጥልም። የግሪክ ምግብ ለስላሳ ነው። የጣሊያንም እንዲሁ፣ በስተደቡብ ያለችው ካላብሪያ ስትቀር። ቃሪያ በርከት የሚለው ቱኒዚያ አካባቢ ነው። ሃሪሳ፣ ማለትም ከደረቅ ቀይ ቃሪያ የሚሠራው የሚያቃጥል ድልህ፣ የቱኒዚያ ምግብ መለያ ስለሆነ ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በቅርስነት መዝግቦታል።

የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። በብዛት ያለው በቃሪያው ውስጥ ፍሬዎቹ የተያያዙበት ነጭ ክር ላይ ነው። ፍሬዎቹ የሚያቃጥሉት እሱን ስለሚነኩ ነው። እንግዲህ አዲስ ቃሪያ ከሆነ የያዛችሁት፣ ሰንጥቁትና ነጩን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። ሥጋው ይቀራል፣ ማቃጠሉ በጣም ይቀንሳል።

ቃሪያውን ጭራሽ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሪያ ማቃጠል ብቻ አይደለም ሥራው። ቀይ ቀለም፣ ጣፋጭነትና ደስ የሚል ሽታ ይዞ ይመጣል። እሱን በማያቃጥል ነገር መመለስ አለብን።

ለሃሪሳ እንዲህ አድርጉ። ሁለት ትልልቅ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያዎች እሳት ላይ ወይም ኦቨን ውስጥ ልጣጫቸው እስኪጠቁር ጥበሱ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከድናችሁ ለ15 ደቂቃ ተዉአቸው፤ እንፋሎቱ ልጣጩን ያላቅቀዋል። በእጃችሁ ልጡ። በውኃ አትጠቡት፣ ጣዕሙ አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ቆላ ተደርጎ የተፈጨ ከሙንና ድንብላል አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትና ጨው ጨምራችሁ ፍጩት። አሁን ቀጭን ነው። መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ በመለስተኛ እሳት አማስሉት። ውኃው ሲያልቅ ዘይቱ ከዳር ከዳር መለየት ይጀምራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ያኔ አውርዱት። አሠራሩ አንድ ማንኪያ ሃሪሳ ካለ ከዚህኛው ሁለት ወይም ሦስት ጨምሩ፣ ምክንያቱም የሱን ያህል የጠነከረ አይደለም። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨርሱት። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ሆኖ ውጭ ማደር የለበትም።

የአሌፖ ቃሪያ (መጠነኛ የሚያቃጥል የሶሪያ ደረቅ ቃሪያ) ከሆነ የተጠየቀው፣ ሦስት እጅ ጣፋጭ ፓፕሪካና አንድ እጅ የተከተከተ ደረቅ ቃሪያ ቀላቅሉ። ምንም ማቃጠል ካልፈለጋችሁ ሁሉንም ፓፕሪካ አድርጉት። ፓፕሪካ ቶሎ ያራል። ድስቱን ከእሳቱ አንሥታችሁ ጨምሩት።

ምግቡ አቃጥሎ ከሆነስ? ውኃ አይጠቅምም፤ ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሟም። እርጎ ጣል አድርጉበት፣ ወይም የወይራ ዘይት።

3. ጨዋማዎቹ

እዚህ ቀላል ነው። ኬፐር በጨው ወይም በኮምጣጤ የተቀመጠ የአበባ እምቡጥ ነው፤ በእሱ ፋንታ አረንጓዴ የወይራ ፍሬ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። አንቾቪ የሚባለው በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ ዘይት ውስጥ ሟሙቶ ስለሚጠፋ ሰው ዓሣ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ በቦታው ትንሽ አኩሪ አተር ሶስ ይሠራል። ፌታ የሚባለው አይብ በአውሮፓ ሕብረት ሕግ የግሪክ ብቻ ስም ነው፤ ቢያንስ 70 በመቶ የበግ ወተት ይፈልጋል። ግን ለሰላጣ የሚፈለገው ጨዋማነቱና መፈርፈሩ ነው። ጨው የሌለው ነጭ አይብ ጨውና ትንሽ ሎሚ ተደርጎበት ለአንድ ሰዓት ቢቀመጥ ቦታውን ይይዛል። ከእነዚህ ማናቸውንም ስትተኩ የድስቱን ጨው እስከ መጨረሻው አቆዩት።

4. ታሂኒ እና ሌሎች

ታሂኒ የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ቤት ውስጥ ይሠራል፦ የተፈተገ ሰሊጥ ሳይጠቁር ቆላ አድርጋችሁ ጥቂት ዘይት እየጨመራችሁ እስኪቀጥን መፍጨት ነው። በኦቾሎኒ ቅቤ የሚተኩ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሁሙሱን (በታሂኒ የሚሠራውን የሽምብራ ድልህ) ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ያሰኘዋል። ለእንግዳ ከሆነ ደግሞ አለርጂ እንዳለበት ሳትጠይቁ ኦቾሎኒም፣ ሰሊጥም፣ ዋልነትም አትጨምሩ።

የሮማን ሽሮፕ ከሌለ ሁለት እጅ የሎሚ ጭማቂና አንድ እጅ ማር። በሳፍሮን ፋንታ እርድ ቀለሙን ይሰጣል፣ መዓዛውን ግን አይሰጥም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ቡልጉር የሚባለው የተከካ ስንዴ አስቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ በኩስኩስ መተካት ይቻላል። ጥሬ የተከካ ስንዴ ከሆነ ግን ማብሰል ግድ ነው።

ደረቅ ቅጠል በአዲሱ ፋንታ ሲገባ መጠኑ ሲሶ ይሁን። ለኦሬጋኖና ለጦስኝ ጥሩ ነው። ታቡሌ የሚባለው የሊባኖስ ሰላጣ ላይ ግን አይሞከርም። ታቡሌ ማለት ራሱ አዲስ ፐርሰሜሎ ነው፤ እሱ ከሌለ ሌላ ሰላጣ ሥሩ።

5. ግማሹን ጨምሩ፣ ቅመሱ

ምትኩን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት። ግማሹን ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይብሰል፣ ቅመሱ። የጎደለው ኮምጣጣ ነው ወይስ ጨው? የጎደለውን ብቻ ሙሉ። ቤት ውስጥ የሚያቃጥል የሚወድም የማይወድም ካለ ድስቱን ለስላሳ አድርጉትና ደረቁን ቃሪያ በወይራ ዘይት በጥብጣችሁ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቅርቡ።