የካቢን ጣሪያ ቀዳዳ አልደፈን ሲል

ጣሪያውን በልኩ ቆርጣችሁ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ገጥማችኋል ብዬ ልጀምር። የማወራው ሰው በገዛ ጋራዡ ከኪት ስለሚገጣጥማቸው፣ እንደ አርቪ-10 ስላሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ነው። አራት ሰው ይይዛል፣ ገላው አሉሚኒየም ነው፣ ጣሪያውና በሮቹ ግን ፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የመስታወት ጨርቅ ናቸው። ጋራዡ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሪቬት ሲመታ የከረመ ሰው ድንገት ፋይበርግላስ ሠሪ ሁን ይባላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ከቀለሙ በፊት ፕራይመር ሲነፋ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይወጣል

በጣም የማየው ይህንን ነው። ጣሪያው በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ይላል። ፕራይመር ሲያርፍበት ግን ጥቃቅን ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ሰው ሁሉ ወዲያው ሌላ ፕራይመር ይደርብበታል። አታድርጉት! ፕራይመር የቀዳዳው አፍ ላይ እንደ ቆዳ ይወጠራል እንጂ ውስጡን አይሞላም። ቲነሩ ከታች ታፍኖ ይቀራል። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ይቀደድና ያ ሁሉ ውድ ቀለም ነጠብጣብ ይሆናል።

ምክንያቱ አየር ነው። በመስታወት ጨርቁ ድርና ማግ መካከል ሙጫው፣ ኢፖክሲው፣ ያልደረሰበት ክፍተት አለ። በማይክሮባሉን (ውስጠ ባዶ በሆኑ ጥቃቅን የመስታወት ኳሶች ዱቄት) ያወፈራችሁት መሙያም አረፋ ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት በፈገፈጋችሁት ቁጥር አረፋው ይከፈታል።

አየሩን የሚያስቆጣው ደግሞ ሙቀት ነው። አንድ ወዳጄ በብርድ ቀን ኢፖክሲውን ቀባ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማሞቂያ ደቀነበት። ስንመለስ ጣሪያው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። የታፈነው አየር ሲሞቅ ሰፍቶ ኢፖክሲውን እየበሳ ወጥቷል። ምጣድ ላይ ቢሆን ኖሮ እናመሰግነው ነበር።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። አቧራውን በኮምፕሬሰር ከየቀዳዳው አስወጡ። ጣሪያውን ለእጅ ሞቅ እስኪል አሙቁት፣ ከዚያ ማሞቂያውን አጥፉ። መሙያ ያልገባበት ንጹህ ኢፖክሲ አፍስሱና ባለቀ የባንክ ካርድ በደንብ እየጫናችሁ ጎትቱት። ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ኢፖክሲውን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል። ላዩ ገና እጅ ላይ ያዝ ያዝ ሲል ሁለተኛውን ድገሙ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። እኔ ከአራት በታች ቀብቼ አላውቅም።

ሲደርቅ በቀጥታ አትፈግፍጉት። አንዳንድ ኢፖክሲ ላዩ ላይ ሰም መሳይ ነገር ያወጣል። መጀመሪያ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት። ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ሰሙ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ አይዝም። ከዚያ መብራት አጥፉና ባትሪ ከጎን አብሩበት። የተረፈ ቀዳዳ ካለ ያኔ ይታያል።

ማስክ አድርጉ። የመስታወት አቧራ ነው፤ በነጠላ አፍን ሸፈን ማድረግ አይበቃም።

ምልክት፦ ኢፖክሲው በሦስተኛው ቀንም ይጣበቃል

ልኩን ሳትመዝኑ ቀላቅላችኋል። ወይም ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር (ማድረቂያውን) ከልኩ በላይ ጨምራችኋል። ይህ የመኪና ጋራዥ ልማድ ነው። ስቱኮ ላይ ማድረቂያ ሲጨመር ይፈጥናል፣ ኢፖክሲ ግን ሃርድነር ሲበዛበት ጭራሹን በደንብ አይደርቅም። አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ሙሉ ጣሪያ እንደ ማስቲካ ሆኖበት ጠራኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፋቅን። ሌላ መድኃኒት የለውም። ሚዛን ግዙ፣ ርካሽ ነው።

ምልክት፦ በመስኮቱ ዙሪያ ቀለሙ ይሰነጠቃል

መስኮቱ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። መጋጠሚያው ላይ መሙያ ብቻ ከሞላችሁ ይሰነጠቃል። ፍቃችሁ አውጡት፣ ስስ የመስታወት ጨርቅ በኢፖክሲ አልብሱት፣ መሙያው ከዚያ በላይ ይምጣ። መስኮቱን በአሴቶን የሚጠርግ ሰው ደግሞ አዲስ መስኮት ይግዛ። ሲቆርጠውም ብርድ ቀን አይሁን።

ምልክት፦ በሩ ሲዘጋ ከጣሪያው ጋር አይስተካከልም

የበሩን ሁለት ቅርፊቶች፣ የውስጡንና የውጭውን፣ ጠረጴዛ ላይ አጣብቃችኋል ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ታስረው ነው መጣበቅ ያለባቸው። ትንሽ ከሆነ በመሙያ ይስተካከላል። የበሩ መቆለፊያ ፒኖች ሙሉ በሙሉ ካልገቡ ግን ስለ ቀለም ማውራት አቁሙ፤ በር አየር ላይ ሊገነጠል ይችላል።

ምልክት፦ ከቀለም በኋላ የጨርቁ ሽመና ይታያል

ያለ ምድጃ የደረቀ ኢፖክሲ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል፣ የጨርቁም ሽመና ላዩ ላይ ይወጣል። አሜሪካዊው የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ በርት ሩታን የሠራቸው የፋይበርግላስ አውሮፕላኖች ሙቀት እንዳይስቡ ነጭ የሚቀቡት ለዚህ ነው። ያ ማሞቂያ የደቀነው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጣሪያውን ጥቁር ሰማያዊ ቀባው። አሁን ድርና ማጉን ከሃንጋሩ በር ላይ ሆኖ መቁጠር ይቻላል።