የፔስቲሳይድ አፕሊኬተር ፈተና ልትቀመጡ ላሰባችሁ

አሜሪካ ውስጥ የተባይ ማጥፋት ወይ የሳር ስራ የያዛችሁ፣ ወይም ተቀጥሮ መስራት በቃኝ ብላችሁ የራሳችሁን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሰዎች የኮሜርሻል አፕሊኬተር (በክፍያ ፔስቲሳይድ ማለትም የተባይና የአረም ማጥፊያ ኬሚካል የሚረጭ ሰው) ፈተና ሳትቀመጡ እንደማይሆን መቼም ሰምታችኋል። ፈተናው እንደሚወራው የሚያስፈራ አይደለም። ሰው የኬሚካል ስም ሲሸመድድ ይከርማል፣ የሚጠየቀው ግን በአብዛኛው ሌብሉን (ከኬሚካሉ ጋር የሚመጣውን መመሪያ) አንብበህ በተጻፈው መሰረት መስራት ትችላለህ ወይ የሚለው ነው።

ከጥናቱ በፊት ግን የትኛውን ፈተና እንደምትወስዱ እወቁ። ህጉ ፌደራል ነው፣ ፊፍራ የሚባለው የፔስቲሳይድ ህግ፣ ፈተናውን የሚሰጠው ግን ስቴቱ ነው፣ ብዙ ቦታ በእርሻ መስሪያ ቤቱ በኩል። ኮር የሚባለውን አጠቃላይ ፈተና ሁሉም ይወስዳል፣ እሱ ላይ የስራችሁን ካታጎሪ ትጨምራላችሁ። ሳርና አበባ የሚረጭ ሌላ፣ ቤት ውስጥ በረሮና ትኋን የሚያጠፋ ሌላ፣ ምስጥ ደግሞ ብዙ ስቴት ላይ ለብቻው ነው። ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ ጓደኛ በላከላችሁ ጥያቄና መልስ ብቻ አትተማመኑ፣ ኮሩ ይመሳሰላል የስቴት ህጉ ግን ይለያያል። ማለፊያው ስንት እንደሆነ (ብዙ ቦታ 70 ፐርሰንት ነው)፣ የትኛው ማንዋል እንደሚጠና፣ ቀድሞ ስልጠና ወይ የስራ ልምድ ይፈለግ እንደሆነ ከስቴታችሁ ዌብሳይት ላይ እዩ። የቢዝነስ ላይሰንሱም ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚወጣ ነገር ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

ጥናቱን በማንዋሉ ገጽ አንድ አትጀምሩ። በስራ የምትጠቀሙበትን አንድ ምርት ምረጡ፣ ሙሉ ሌብሉን ፒዲኤፍ አውርዱና ፕሪንት አድርጉ፣ ከዛ እስክሪብቶ ይዛችሁ ሲግናል ዎርዱ (የአደጋውን መጠን የሚናገረው ቃል) የት እንዳለ፣ አክቲቭ ኢንግሪዲየንቱ (ተባዩን የሚያጠፋው ንጥረ ነገር) ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ የኢፒኤ (የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት) ሬጂስትሬሽን ቁጥሩ፣ ፈርስት ኤይዱ፣ ምን አይነት ጓንት እንደሚል፣ ከተረጨ በኋላ ሰው መቼ መግባት እንደሚችል፣ ባዶ ጀሪካኑ ምን እንደሚደረግ እየፈለጋችሁ አስምሩ። «መስት» ያለውና «ሹድ» ያለው እኩል አይደለም፣ የመጀመሪያው ግዴታ ነው ሁለተኛው ምክር ነው፣ እዚህ ላይ የሚያጠምዱ ጥያቄዎች አይጠፉም። ይህንን ሶስት አራት ሌብል ላይ ከሰራችሁ በኋላ ማንዋሉን ስትከፍቱት ግማሹ የምታውቁት ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል።

መርዛማነት ላይ ሲግናል ዎርዶቹን ከነቁጥራቸው ያዙ። ዴንጀር ከባዱ ነው፣ ዋርኒንግ መካከለኛው፣ ኮሽን ቀላሉ። በአፍ ለሚገባ መርዝ ኤልዲ 50 የሚባለው ቁጥር (ከተሞከረባቸው እንስሳት ግማሹን የሚገድለው መጠን) እስከ 50 ሚሊግራም በኪሎ ከሆነ ዴንጀር ነው፣ ከ50 በላይ እስከ 500 ዋርኒንግ፣ ከዛ በላይ ኮሽን። ቁጥሩ ሲያንስ መርዙ ይብሳል! አንዱ 25 ሌላው 2500 ነው፣ የትኛው ይበልጥ መርዛማ ነው ሲሏችሁ እጃችሁ ወደ ትልቁ ቁጥር እንዳይሄድ።

ሌላው ሰው የሚንቀው ቆዳ ነው። ሰራተኛውን በብዛት የሚያገኘው መርዝ በአፍንጫ ሳይሆን በቆዳ የሚገባው ነው፣ ቆዳ ደግሞ ቦታው ይለያያል፣ ክንድን እንደ 1 ብንወስድ የራስ ቅልና ግንባር ወደ 4 እጥፍ ይመጣሉ፣ የወንድ ብልት አካባቢ ደግሞ 12 እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። (ለዚህ ነው ሽንት ቤት ከመግባታችሁ በፊትም እጅ ታጠቡ የሚባለው፣ ቀልድ አይደለም።) ጓንት የቆዳ ወይ የጥጥ ከሆነ መልሱ ስህተት ነው፣ ኬሚካሉን ይመጠውና እዛው ይዞት ይቆያል። ወደ ታች ስትረጩ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይሆናል፣ ወደ ላይ ስትረጩ እጅጌው ጓንት ውስጥ ይገባል። በጣም አደገኛው ሰዓት ደግሞ መርጨቱ ሳይሆን ያልተበረዘውን የምትለኩበትና የምትቀላቅሉበት ነው።

ሂሳቡን ሰው ይፈራዋል ግን አራተኛ ክፍል የተማራችሁት ነው፣ ተረጋግታችሁ ስሩት። እንበል ግቢው 120 ፊት በ60 ፊት ነው፣ መሀል ላይ 40 በ30 የሆነ ቤት አለ፣ ሌብሉ ለ1,000 ስኩዌር ፊት 1.5 አውንስ ይላል። 7,200 ላይ ዘላችሁ አታባዙ፣ ቤቱ አይረጭም፣ 1,200 ሲቀነስ 6,000 ይቀራል። 6 ጊዜ 1.5፣ 9 አውንስ። ቀጥሎ ይመጣና መርጫችሁ ለ1,000 ስኩዌር ፊት 2 ጋሎን ያወጣል፣ ታንኩ 4 ጋሎን ይይዛል፣ በአንድ ታንክ ስንት አውንስ ትጨምራላችሁ ይላል። ጠቅላላው 12 ጋሎን ነው፣ ሶስት ታንክ፣ በአንዱ 3 አውንስ። አማራጮቹ ውስጥ 9 አውንስም ሊኖር ይችላል፣ ጥያቄውን ሳትጨርሱ እሱን እንዳትመርጡ። በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ 1 ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት፣ 1 ጋሎን 128 አውንስ፣ የክብ ስፋት ደግሞ 3.14 ጊዜ ሬዲየስ ጊዜ ሬዲየስ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ዳያሜትሩን ስለሆነ ለሁለት መክፈል እንዳትረሱ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ማለፍ ይቻላል። አሸዋማ አፈርና ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ኬሚካል ሲገናኙ የከርሰ ምድር ውሃ ይበከላል። ጠብታው ሲደቅ ንፋስ ይወስደዋል። ጸጥ ያለ ማለዳ ሁሌ ጥሩ አይደለም፣ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ከከደነው የተረጨው ተንሳፍፎ ጎረቤት ይደርሳል። ኬሚካል ከፈሰሰ መጀመሪያ ምንጩን ማቆም፣ ከዛ እንዳይሰራጭ መገደብ፣ ማጽዳት መጨረሻ ነው። ባዶ እቃ ሶስት ጊዜ ይታጠብና እጣቢው መርጫው ታንክ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

በፈተናው ቀን ፎቶ ያለው መታወቂያ ያዙ፣ እድሜ ደግሞ 18 የሞላ መሆን አለበት። የራሳችሁን ወረቀት ይዞ መግባት የለም፣ ካልኩሌተር ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ልምምዱንም ከአሁኑ በስልክ ሳይሆን በተራዋ ካልኩሌተር አድርጉት። ሂሳቦቹን ለመጨረሻ አቆዩና ሌላውን ጨርሳችሁ ተመለሱባቸው። ካለፋችሁ በኋላ ሪስትሪክትድ የሚባሉትን (ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ የሚጠቀምባቸውን) ምርቶች የረጫችሁበትን መዝገብ ቢያንስ 2 ዓመት አስቀምጡ፣ የአፕሊኬተር ላይሰንሱም ቢበዛ በ5 ዓመት ይታደሳል፣ ብዙ ስቴት ከዛም ያሳጥረዋል፣ ስለዚህ ለማደሻ የሚያስፈልገውን የስልጠና ክሬዲት ለመጨረሻው ወር ሳታጠራቅሙ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ሰብስቡ።