ለልቦለዳችሁ ኤዲተር ስትቀጥሩ እንደኔ እንዳትሸወዱ

ልቦለድ ፅፋችሁ ጨርሳችሁ "አሁን ኤዲተር ፈልጌ ላሳትም" እያላችሁ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ የድሬና የሀረር ልጆች፣ ይሄን አንብቡልኝ። እኔ የመጀመሪያ ልቦለዴን ለማሳረም ሁለት ሰው ቀጥሬ ሁለቴ ከፍያለሁ፣ ሁለተኛውን የከፈልኩት የመጀመሪያው ያጠፋውን ለማስመለስ ነው ማለት ይቻላል። ግን አሁን ላይ ሳስበው አብዛኛው ጥፋት የኔ ነው፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ነዋ ሰው የቀጠርኩት።

ሲጀመር ረቂቁን ትኩሱን አትስጡ። እኔ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ የመታሁት ከለሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ 11 ፐርሰንት ላይ ሆኖ፣ ሲነጋ በቴሌግራም ላኩት በቃ። ከዛ በፊት የሰማው ሰው ቢኖር በርጫ ላይ ያነበብኩላቸው ጓደኞቼ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ "አቦ ይሄማ ፊልም ነው" ብለው ሰማይ ሰቀሉኝ፣ የምርቃና አስተያየት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቢያንስ አንድ ወር ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ከዛ ማታ ነፈስ ሲል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እንደዛ ባደርግ ኖሮ ምዕራፍ 2 ላይ ሰዓዳ ያልኳት ልጅ ምዕራፍ 9 ላይ ሰሚራ እንደሆነች ራሴ አገኘው ነበር፣ ለዚህማ ሰው አይከፈልም።

ሁለተኛውና ኪሴን ያራገፈው ስህተት የትኛውን ኤዲት እንደምፈልግ አለማወቄ ነው። "ኤዲት አድርግልኝ" ሲባል አንድ ስራ ይመስላል እንጂ ሶስት የተለያየ ስራ ነው። አንዱ የይዘት ነው፣ ታሪኩ ከየት ይጀምር፣ የትኛው ገፀ ባህሪ ትርፍ ነው፣ የትኛው ምዕራፍ ይውጣ የሚለው። ሁለተኛው የቋንቋ ነው፣ አረፍተ ነገሩ ይፈስሳል ወይ፣ ቃሉ ቦታው ላይ ነው ወይ። ሶስተኛው የፊደልና የስርዓተ ነጥብ ለቀማ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሰራው መጨረሻ ላይ፣ ሌይአውት (የገፅ ቅንብሩ) ካለቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ብር እያቃጠላችሁ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። ልቦለዴ ድሬን በመታው በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ላይ የቆመ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ግን ምዕራፍ 7 ላይ ነበር፣ ከዛ በፊት ያለው 43 ገፅ ዋናው ገፀ ባህሪ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ልጅነቱን ሲያስታውስ ነው። የመጀመሪያው ኤዲተር እነዛን 43 ገፆች አንድ በአንድ ነጠላ ሰረዛቸውን እያስተካከለ አሳምሮ መለሰልኝ፣ ከፈልኩ። ሁለተኛዋ ኤዲተር ደግሞ አንብባ ስትጨርስ "ታሪክህ የሚጀምረው ውሀው ሲመጣ ነው፣ የፊተኛውን አውጣውና የሚያስፈልገውን መሀል መሀል ላይ በትነው" አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ፣ በሶስተኛው ቀን ሲገባኝ ልክ ነች። ያ ሁሉ የተከፈለበት ነጠላ ሰረዝ ቅርጫት ገባ ማለት ነው።

"አማርኛ ያውቃል" ብሎ መቅጠር ሶስተኛው ነው፣ ከይሉኝታ ጋር ስለሚሄድ አብሬ ልናገረው። የመጀመሪያው ኤዲተሬ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ ሰፈራችን ያከብራቸዋል፣ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሰዋስው እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። ግን ልቦለድ አያነቡም! ስንጀምርም ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው "ችግር የለም ልጄ፣ በኋላ እንነጋገራለን" አሉኝ፣ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ፣ በኋላ ሲመጣ ያላሰብኩት ቁጥር መጣ፣ እሳቸውም ደግሞ አልተሳሳቱም፣ አራት ወር ለፍተዋል። አንቱ የምትሉትን ሰው "ይሄ አርትዖት አልተመቸኝም" ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቃል። ስለዚህ ወይ የማታፍሩትን ሰው ቅጠሩ፣ ወይ ብሩንም ጊዜውንም ከመጀመሪያው በፅሁፍ ተነጋገሩ፣ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ደግሞ ስትመርጡ "ምን አይነት ልቦለድ ኤዲት አድርገዋል" ብላችሁ ጠይቁ፣ የመስሪያ ቤት ሪፖርት ያረመ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል ግን ሌላ ስራ ነው።

አሁን የሚያመኝ ጋ ደረስኩ። እኔ የድሬን ሰው እንደሚያወራው ነው የፃፍኩት። አንድ ባጃጅ ሹፌር አለኝ፣ ብር ሲጠየቅ እንዲህ ይላል፣ "አቦ ተወኝ! ወላሂ ነው የምልህ፣ ሀሙስ ሰጥቼሀለሁ።" ረቂቁ ሲመለስልኝ ምን ሆኖ አገኘሁት መሰላችሁ፣ "እባክህን ተወኝ! በእውነት እልሃለሁ፣ ሐሙስ ዕለት ሰጥቼሃለሁ።" ባጃጅ ሹፌሩ ዲያቆን ሆኖ ተመለሰ! መፅሀፉ ውስጥ ያለው "አቦ" በሙሉ ተለቅሟል፣ "ወርያ"ም "አብሽር"ም የለም፣ ስጠይቃቸው "የመፅሀፍ ቋንቋ አይደለም" አሉኝ፣ የሚገርመው እኮ ራሳቸው ስልክ ሲያነሱ "አቦ ጮክ በል፣ አይሰማም" የሚሉ ሰውዬ ናቸው። የሀረር ጓደኛዬም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፣ የሱ ገፀ ባህሪያት ጁገል ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ አማርኛቸው መሀል ጌይ ሲናን (የሀረሪ ቋንቋ) እና ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ፣ ኤዲተሩ ሁሉንም አማርኛ አደረገለት፣ በቃ መርካቶ ያሉ ሰዎች መሰሉ።

መፍትሄው ኤዲተሩን የአገር ልጅ ማድረግ እንዳይመስላችሁ፣ የኔ የአገሬ ልጅ ነበሩ እኮ። መፍትሄው ስራው ሳይጀመር አንድ ገፅ ማስታወሻ መስጠት ነው። እዛ ላይ በንግግር ውስጥ ያለ የሰፈር ቋንቋ አይነካም፣ አንባቢ የማይገባው ቃል ካለ ኮሜንት ይደረግ እንጂ አይቀየር ብላችሁ ፃፉ። የፊደል ምርጫችሁንም እዛው አስቀምጡ። ፀሐይ ነው ጸሀይ፣ ሥራ ነው ስራ፣ ዓለም ነው አለም? ለኔ የትኛውም ይሁን፣ ግን መፅሀፉ ውስጥ አንድ አይነት ይሁን፣ የኔ ረቂቅ ላይ ፀሐይ በአራት አይነት ተፅፋ ነበር። ኮምፒውተሩ ደግሞ አያግዛችሁም፣ ፀሐይ ብላችሁ ሰርች ስታደርጉ ጸሀይን አያመጣላችሁም። አራት ነጥብም እንደዛው ነው፣ ግማሹ ቦታ ላይ ትክክለኛው ። ሆኖ ግማሹ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ተመትቶ ፡፡ ከሆነ ለአይን አንድ ነው ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው፣ ሌይአውት ላይ አንዷ ነጥብ መስመር ዘላ ብቻዋን ትወርዳለች።

ግን የውጭ አይን ጥቅም እንዳለው ልመስክር። ሁለተኛዋ ኤዲተር የአዲስ አበባ ልጅ ነች፣ "ሰዎቹ ወንዙን በእግራቸው ነው እንዴ የሚሻገሩት?" ብላ ኮሜንት ፃፈችልኝ። ሳቅኩ መጀመሪያ። ለኛ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ እንደሆነ ህፃን ልጅ ያውቃል፣ ድሬን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ግን ወንዝ ማለት ውሀ ነው። ቀጥላ ደግሞ "ድሬ ላይ ያን ያህል ካልዘነበ ጎርፉ ከየት መጣ?" አለች፣ ውሀው ከላይ ከደጋው እንደሚወርድ የትም ቦታ አልፃፍኩም ነበር ለካ። ሁለት አረፍተ ነገር ጨመርኩና የጎርፉ ትዕይንት በእጥፍ አስፈሪ ሆነ፣ ምክንያቱም አሁን አንባቢው ደረቁን አሸዋ አይቶታል።

እሷን ያገኘኋት ናሙና ጠይቄ ነው፣ ይሄን መዝለል ሌላው ስህተት ነው። ከመሀል፣ ንግግር ያለበት ቦታ መርጣችሁ ከ5 እስከ 10 ገፅ ስጡና ይስሩላችሁ፣ ካስከፈሉም ክፈሉ። ለሁለት ሶስት ሰው ያንኑ ገፅ ብትሰጡ ደግሞ ልዩነቱን በአይናችሁ ታያላችሁ፣ አንዱ ቀለሙን ብቻ ቀይ አድርጎ ይመልሳል፣ አንዱ የራሱን ልቦለድ ፅፎ ይመልሳል፣ አንዱ ደግሞ የናንተን ድምፅ ይዞ ያፀዳዋል። ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ የሚመልስም አለ፣ ሁሉም ገፀ ባህሪ እንደ ዜና አንባቢ ካወራ ጠርጥሩ፣ በግልፅም ጠይቁ።

ዋጋ ላይ "በገፅ" ሲባል ገፅ ምን ያህል እንደሆነ ተነጋገሩ። 60 ሺ ቃል ያለው ረቂቅ በገፅ 250 ቃል ከተቆጠረ 240 ገፅ ነው፣ በ400 ከተቆጠረ 150 ገፅ ነው፣ መፅሀፉ ያው መፅሀፍ ነው። በቃል ብትስማሙ ክርክር የለም። ክፍያውን ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ ሲጀመር፣ መሀል ላይ፣ ሲያልቅ። ሙሉውን በቴሌብር ልካችሁ ከዛ ስልክ የማያነሳ ሰው ስትፈልጉ እንዳትከርሙ።

ፋይሉን በተመለከተ አጭር ነው። በአሮጌው የአማርኛ መፃፊያ በፓወር ግዕዝ የተፃፈ ከሆነ ኤዲተሩ ጋ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ነው የሚሆነው፣ ወደ ዩኒኮድ (አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ፊደል) ቀይራችሁ ላኩ። ዎርድ ላይ እያንዳንዷን ለውጥ የሚያሳየው ትራክ ቼንጅ ይከፈት በሉ፣ ካልሆነ ምኑ እንደተቀየረ አታውቁም (የኔ "አቦ" የጠፋው እንደዛ ነው፣ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው)። ኦሪጅናሉን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

"ይሰርቁኛል" ብሎ ግማሹን ብቻ የሚልክም አለ። ግማሽ ልቦለድ አይታረምም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፃፋችሁትን ነገር ከፃፋችሁበት ሰዓት ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ እስክታስመዘግቡ አይጠብቅም፣ በህይወት እያላችሁና ከሞታችሁ በኋላ ደግሞ 50 አመት። ሀሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፣ ስለዚህ ቡና ላይ ያወራችሁትን አይደለም፣ የፃፋችሁትን ነው። ረቂቁን ቀኑ በሚታይበት ኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፣ ለማስረጃ ያግዛል፣ ከዛ ሙሉውን ስጡ።

እርማቱ ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም እርማት በአንዴ የምትቀበለዋን "አክሰፕት ኦል" ተጭኖ መተኛት አለ፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ኤዲተር ሀሳብ ነው የሚያቀርበው፣ ወሳኙ እናንተ ናችሁ፣ እያንዳንዷን አንብቡ። ሶስት ጊዜ ያነበባችሁትና አሁንም ያናደዳችሁ ኮሜንት ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው ትክክሉ።

የመጨረሻው ሽፋኑን መርሳት ነው። ውስጡን ሶስት ሰው አየው፣ የጀርባውን ፅሁፍ ግን ሽፋኑን የሰራው ልጅ በስልክ ያነበብኩለትን ነው የፃፈው፣ ማንም አላረመውም፣ 500 ኮፒ ታተመ። የኔ መፅሀፍ ጀርባ ላይ "ድሬደዋ" ነው የሚለው። የድሬ ልጅ ሆኜ! ከዚራ ላይ ያየኝ ሁሉ እስከዛሬ "እንዴት ነው ድሬደዋ?" እያለ ነው ሰላም የሚለኝ።